«ሦስት ሳጥን ይላኩልኝ» ላለችኝ ልጅ

ወዳጆቼ፣ እዚህ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ዝም ካልኩ ውለታ በላ እሆናለሁ። ትናንት ማታ ከስንት ወር በኋላ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ተኛሁ። ያስተኛችኝ አንዲት የሲኪዩሪቲ ቴስተር ናት፤ በባለቤቱ ፈቃድ ዕቃን እንደ ሌባ ሰብራ ለመግባት እየሞከረች ደካማ ጎኑን የምታሳይ ባለሙያ ማለት ነው። ስሟን አልጽፍም። «ጋሼ፣ ስሜን አደባባይ ካወጡት ሁለተኛ አልሠራልዎትም» ብላኛለች፤ የቀለደችም አይመስለኝም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እኔው አገናኛችኋለሁ።

መጀመሪያ ሥራችንን ላስረዳ። መድኃኒት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አጠገብ የምትሰቀል ትንሽ ሳጥን እንሠራለን። ሳጥኗ ሙቀቱን ታነባለች። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት ያለበት መድኃኒት ከዚያ ሲወጣ ትጮኻለች። ያነበበችውን ሁሉ ሩቅ ወዳለ ሰርቨር ልካ መልስ አትጠብቅም። እዚያው ታስባለች፣ እዚያው ትወስናለች። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራዋ አይቆምም። ባለሙያዎቹ ኤጅ ኮምፒውቲንግ የሚሉት ይህንን ነው። ውስጧ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ሁሉን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር፣ መሠረቱ ሊኑክስ የሚባለው በነጻ የሚገኝ ሲስተም ነው፤ ለእሷ በልኳ ቆርጦ የሰፋው አንድ ወጣት ፕሮግራመራችን ነው።

እዚህ ሥራ ውስጥ የገባሁት በእናቴ ምክንያት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። አንድ ጊዜ ፍሪጁ ማታ ተበላሽቶ ኢንሱሊኗ ሞቆ አደረ። ማንም አላወቀም። ጠርሙሱን ሲያዩት ያው ነው፤ አይሸት፣ መልኩ አይለወጥ። ስኳሯ አልወርድ ሲል ነው የገባን። ያንን ሳምንት እዚህ አልዘረዝረውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ «የሚጮኽ ነገር ያስፈልጋል» የሚለው ሐሳብ ከራሴ አልወጣም።

ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ገዢ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁን ሌላ ወገን ፈትሾታል ወይ?» የሚል ነበር። ያለምክንያት አልጠየቀም። የአውሮፓ ኅብረት ሳይበር ሬዚሊየንስ አክት የሚባል ሕግ አውጥቷል። እዚያ ገበያ የሚገባ፣ ከኔትወርክ የሚገናኝ አብዛኛው ዕቃ ገና ሲነደፍ ደህንነቱ ታስቦበት መሠራት አለበት ይላል። ዋና ዋና ግዴታዎቹ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ይጸናሉ። ገዢው ከወዲሁ ራሱን እያዘጋጀ ነው። እኔም «ቀላል ነው፣ ሰው ቀጥሬ አስፈትሻለሁ» አልኩ። ቀላል!

የመጀመሪያዎቹ ቢሯቸው ያምራል፣ አፋቸው ይጣፍጣል። ቀብድ ተቀበሉና ለአንድ ወር ድምፃቸው ጠፋ። ስደውል «እየተሠራ ነው»። በስንት ጭቅጭቅ 214 ገጽ ሪፖርት መጣ። እኔ ሞኙ ውፍረቱን አይቼ ደስ አለኝ። ፕሮግራመራችን ሦስት ገጽ አንብቦ ራሱን ያዘ። ሁለት ቦታ ላይ በእኛ ፈንታ የሌላ ድርጅት ስም ተጽፏል። መሃል ላይ «ዊንዶውሳችሁን አፕዴት አድርጉ» ይላል። ሳጥኗ ውስጥ ዊንዶውስ የለም! ነገሩ ሲጣራ አንድ አውቶማቲክ መፈተሻ ሶፍትዌር አስነስተው፣ የተፋውን ሁሉ ጠርዘው ነው የሰጡን። «እሺ፣ ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የቱን እናስተካክል?» ብዬ ደወልኩ። «ሁሉም አስቸኳይ ነው» አሉኝ። የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የባከነው ወር ነው።

ሁለተኞቹ ባሱ። ሳጥኗን በዓይናቸው አላዩአትም። ላኩልን እንኳን አላሉም። መጠይቅ ላኩ፣ «አዎ» እና «አይ» እያልን ሞላን፣ በሳምንቱ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ሰርተፍኬት መጣ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ገዢው ሰርተፍኬቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄ ምኑን ነው የፈተነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር!

ሦስተኛው ሰውዬ ደግሞ ከመፈተሽ ይልቅ ማስፈራራት ይቀናዋል። «ጉዳችሁን ይዣለሁ፣ ክፈሉና ልንገራችሁ» ዓይነት ነገር ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ሳገኛት በዚህ ሁሉ አልፌ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። የጠቆመችኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷንም እግዜር ይስጣት። ስደውልላት ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እንቅልፍ የሚነሳዎት የቱ ነው? መረጃው መሰረቁ ነው? ሳጥኗ ዝም ማለቷ ነው? ወይስ መዋሸቷ?»

«መዋሸት ደግሞ ምንድነው?» አልኳት።

«ማቀዝቀዣው 15 ዲግሪ ሆኖ እሷ 5 ነው ብትልስ? አንድ ሰው ገብቶ እንደዚያ ቢያስብላትስ?»

ዝም አልኩ። የእናቴ ጠርሙስ ነው ትዝ ያለኝ። ያ ጠርሙስ ሲዋሸን ነው የሰነበተው። ከዚያ በፊት የቀጠርኳቸው ሁሉ ስለ መሰረቅ ነበር የሚያወሩት። ሳጥኗ ምን እንደምትሠራ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

ከዚያ «ሦስት ሳጥን ይላኩልኝ። ሁለቱ እንደሚሸጡት ይሁኑ፣ አንዱን ግን እፈታዋለሁ፣ ላይመለስ ይችላል» አለች። አገልግሎት ላይ ያሉትን አልነካም አለች፤ እነሱ መድኃኒት እየጠበቁ ነው። ደግሞ የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ ካልደረሳት ካቻቢቴ እንደማታነሳ ነገረችኝ። በኋላ እንደገባኝ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የሰው ሲስተም መነካካት እሷንም ያስጠይቃታል። እኔ በዚያን ጊዜ «ምን ያህል ታከራለች» ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለእኔም ጥበቃ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳጥን የፈታች ዕለት በቪዲዮ አሳየችን። ክዳኑን ከፈተች። ቦርዱ ላይ የእህል ፍሬ የሚያህሉ ነጥቦች አሉ። ሦስት ቀጫጭን ሽቦ አገናኘችና ሳጥኗን አስነሳቻት። ሳጥኗ በልጅቷ ስክሪን ላይ መለፍለፍ ጀመረች! ለካ ስትነሳ ሁሉንም ለራሷ ታወራለች፤ ሰሚ አልነበራትም እንጂ። «ሰርቨር ቢሆን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ይቺ ግን ግድግዳ ላይ ነው የምትሰቀለው፤ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ጎረቤቷ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እኔን አትጠይቁኝ። ፕሮግራመራችን ያውቀዋል፣ እኔ ፊቷን ነበር የማየው።

ዓርብ ማታ ደወለች። ኢሜይል አልጻፈችም፣ ሪፖርቱ እስኪያልቅም አልጠበቀችም። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። ተቀመጥኩ። ከተፈታው ሳጥን ውስጥ ያገኘችው ምስጢራዊ ቁልፍ (የብረት አይደለም፤ ወደ ሳጥኗ የሚያስገባ ረጅም ኮድ ነው) ሁለተኛውን ሳጥን ከፈተው። ሦስተኛውንም ከፈተው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳጥኖቻችን ሁሉ ከአንድ እናት ኮፒ ነው የሚገለበጡት። ቁልፉ እናቲቱ ላይ አንዴ ተሠርቶ ነበር። ስለዚህ በስንትና ስንት ቦታ የሰቀልናቸው ሳጥኖች ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ። አንዱን የሰረቀ ሁሉንም ሰረቀ ማለት ነው።

በላብ ተጠመቅኩ። እሷ ግን ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ዛሬ ማታ ምን መዝጋት እንዳለብን፣ ሰኞ ምን እንደምናደርግ፣ ለደንበኞች እንዴት እንደምንነግር በቅደም ተከተል አስጻፈችኝ። «ብቻዎትን አይደሉም» ብላ የሚራይን ታሪክ ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሚራይ የሚባል ተንኮለኛ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ላይ የተጣዱ ካሜራዎችንና የቪዲዮ መቅረጫዎችን እየፈለገ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸውን 60 ያህል የተለመዱ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ እየሞከረ ገባባቸው። ከዚያ ኦክቶበር 21 ቀን እነዚያን ዕቃዎች አሰልፎ የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ ወደ ትክክለኛው አድራሻ የሚመራውን ዳይን የተባለ ኩባንያ አጨናነቀ፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ካሜራ ነው እኮ! ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት የሚገናኙ የሸማች ዕቃዎች እንዲህ ባለ የጋራ ፓስወርድ እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። የእኛ ፓስወርድ ሳይሆን ቁልፍ ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተቀመጥን። እሷ በቪዲዮ ናት። ፕሮግራመራችን ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። እኔ፣ ልዋሽ አልችልም፣ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ደግ ነገር አልነበረም። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

«ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ» አለች። «በመጀመሪያ ሥራዬ። ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው የታወቀው፣ ማንም አልነገረኝም ነበር።» ቀጠለችና «አሁን ደግሞ ያልቻልኩትን ልንገራችሁ። የሐሰት አፕዴት ሠርቼ ሳጥኗን ላጎርሳት አራት ቀን ሞከርኩ። ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ፊርማ እያየች ትተፋዋለች። በአሮጌው ስሪት ላታልላት ሞከርኩ፣ እምቢ አለች። ይሄን የሠራው ማነው?» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ እጁን በፍርሃት ከፍ አደረገ፣ እንደ ተማሪ።

«ጎበዝ» አለችው። «ቁልፉንም እንደዚሁ አድርገህ ትሠራዋለህ። እያንዳንዷ ሳጥን መጀመሪያ ስትነሳ የራሷን ቁልፍ ራሷ ትውለድ። ማታ ማታ እደውልልሃለሁ፣ አብረን እናየዋለን።»

እኔ ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት። ያ ልጅ ከእኔ ጋር አራት ዓመት ሠርቷል። አንድ ቀን «ጎበዝ» ብዬው አላውቅም፤ ሥራው የሚታይ አይደለማ፣ የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው። በእርግጥም ማታ ማታ ደወለችለት። ውላችን ላይ የሌለ ነገር ነው። አንድ ሳንቲም አልጠየቀችበትም።

ሌላው «የቆሻሻው ሌሊት» ነው፤ እኛ እንዲያ ነው የምንለው። ልጅቷ ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ መልእክት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሳጥኗ ትልካለች። «ማን እንዲህ ያለ ነገር ይልካል?» ብዬ ስስቅ የፕሮፌሰር ባርተን ሚለርን ነገር አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሰውዬው በዝናብና በመብረቅ ሌሊት በስልክ መስመር ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ይሠራል። መብረቁ መስመሩን እየረበሸ የሚጽፈው መሃል ዝባዝንኬ ፊደል ይጨምርበታል። የገረመው ፕሮግራሞቹ በዚያ ምክንያት መውደቃቸው ነው። ተማሪዎቹን ሆን ብላችሁ ሞክሩት አላቸው። ከሞከሯቸው ፕሮግራሞች ከአራት አንዱ፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ከሦስት አንዱ ወደቀ።

የእኛዋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደቀች። ያስደነገጠኝ መውደቋ አይደለም፤ ወድቃ አለመጮኋ ነው። ሌላው ቢቀር የተፈጠረችው ለመጮኽ አልነበረም? አሁን ብትወድቅ ራሷ ትነሳለች፣ «ወድቄ ነበር» ብላም ትናገራለች።

ሪፖርቷ 19 ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ለእኔ የተጻፈ ነው፤ ያለ አስተርጓሚ አነበብኩት። የቱ ዛሬ፣ የቱ በዚህ ወር፣ የቱ ቢቆይም እንደማይገድል ለይታዋለች። አስተካክለን ስንጨርስ ተመልሳ እንደ አዲስ ሰብራ ለመግባት ሞከረች። በድሮው ቁልፍ አልተከፈተም። ልጁ ስልኩ ላይ ሲጮኽ መስማት ነበረባችሁ።

«አሁን ደህና ናችሁ በይኛ» ስላት እምቢ አለች። «ያየሁትን አይቻለሁ፤ ነገ አዲስ ቀዳዳ ቢወጣ ዛሬ አላውቀውም። አፕዴታችሁን አታቋርጡ» አለች። ወርቃማ ማኅተም ከሰጡኝ ሰዎች ይልቅ ይህን ያለችኝን አመንኳት። ገዢውም ሪፖርቱን አንብቦ በሁለተኛው ቀን ደወለ።

እንደ እኛ ያለ ትንሽ ሳጥን፣ ካሜራ፣ ቆጣሪ፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሳትሸጡ በፊት አስፈትሹ። እሷን ካገኛችሁ እሷን፤ እሷን ካላገኛችሁ ሳጥኑን በእጁ ካልያዝኩ አልፈትሽም የሚል ሰው ፈልጉ። እጇን ይባርክልኝ። ደግሜ እላለሁ፣ እጇን ይባርክልኝ። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ነው የምትይዘው፣ ስለዚህ ወረፋ አለ። ቶሎ ካልመለሰች አትቀየሟት።

የፈቃድ ደብዳቤውን አስቀድማችሁ ፈርሙ። ሳጥኑን ሦስት አድርጋችሁ ላኩ። አንዱን ግን ስትልኩት ደህና ሰንብት በሉት።