ባለ ሁለት ጉልላት የመጥለቂያ ማስክ፦ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

የሁለቱም ዐይኖቼ ልኬት ማይነስ 4.50 ነው፤ ያለ መነጽር ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርቼ አላይም ማለት ነው። ይህን የማስቀድመው በምክንያት ነው፤ ቁጥሩ ሌላ ቢሆን ኖሮ ማስኩን በገዛሁበት ሳምንት መልሼ እሸጠው ነበር። ሥራዬ የሰው ዐይን መለካትና መነጽር ማዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ስመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከጣና በቀር ሰፊ ውሃ አላውቅም ነበር። ዛሬ የምኖረው ቤርሼባ ሲሆን፣ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ኤላት ወርደን ቀይ ባሕር ውስጥ እንጠልቃለን። ማስኩን ካገለገለ ሰው እጅ ከገዛሁ ወዲህ 43 ጊዜ ጠልቄበታለሁ።

የለመድነው ጠፍጣፋ ማስክ ሁለት ነገር ይበድለናል። ብርሃን ከውሃ ወጥቶ በማስኩ ውስጥ ወዳለው አየር ሲገባ ስለሚታጠፍ ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። ዓሣ አጥማጅ ሲያጋንን ይዋሻል፤ ጠላቂ ግን ያየውን ነው የሚናገረው። ሁለተኛው በደል የባሰ ነው። ከመሃል ወደ ጎን ከ48 ዲግሪ ገደማ አልፎ ያለ ነገር በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ፈጽሞ አይታይም፤ መስታወቱን እንደ በር ብታሰፉትም ለውጥ የለውም። ውጭ በአየር ላይ ግን ሁለቱ ዐይኖቻችን ተባብረው ወደ 180 ዲግሪ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይሸፍናሉ። «ሰፊ እይታ» ተብለው የሚሸጡት የጎን መስኮት ያላቸው ማስኮች ይህን የሚያካክሱት በተቆራረጠ ምስል ነው። አንድ እንደዚህ ያለ ነበረኝ። ዓሣው ከፊት መስታወት ወደ ጎን መስኮት ሲሻገር መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ዘሎ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም በሁለቱም መስታወት ላይ በአንድ ጊዜ ይታያል።

ባለ ጉልላቱ ማስክ መንገዱ ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ዐይን ፊት ወደ ውጭ ያበጠ ፕላስቲክ አለ፤ ዐይን በጉልላቱ መሃል ከተቀመጠ ብርሃኑ ከየትም አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ አይታጠፍም። ዓሣው በልኩ፣ ባለበት ቦታ ይታያል። ዋጋው ግን አለ። ጉልላቱ ከውሃው ጋር ሲገናኝ እንደ ማይነስ ሌንስ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ሩቅ ያለውን ሁሉ ለዐይን 22 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ምስል አድርጎ ያቀርበዋል። ጤነኛ ዐይን እዚያ ላይ ለማተኮር ይታገላል፤ ይደክማል። የማይነስ 4.50 ዐይን ግን ያለ መነጽር አጥርቶ ማየት የሚችለው እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ወረቀት ላይ አስልቼ ስጨርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ብርጭቆ ዐይን» እያሰኘ ያሰደበኝ ጉድለት ከውሃ በታች የመግቢያ ትኬት ሆነ።

ስሌት ብቻውን ስለማያሳምነኝ ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ የማደርገውን ፍተሻ አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ አሸዋ ላይ ተንበርክኬ አስደገምኩ። እኔ ፊት ለፊት አፍጥጬ አያለሁ፤ ባለቤቴ ጣቷን እያወዛወዘች ከኋላዬ ወደ ፊት ታመጣለች፤ ሳየው እጄን አነሳለሁ። በድሮው ማስክ ጣቷ ጉንጬን አልፎ ወደ ፊት እስኪመጣ ድረስ አላየሁትም። በጉልላቱ ገና ከትከሻዬ ትይዩ ሳይርቅ አየሁት። ትርጉሙ የገባኝ በሌላ ቀን ነው። በኮራል ቢች አካባቢ አንዲት ትንሽ ዓሣ እያየሁ ሳለ ከግራ ክርኔ አጠገብ የተንጠለጠለ መርዛማ አንበሳ ዓሣ በዐይኔ ጥግ ታየኝ፤ ክንዴን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ። በጠፍጣፋው ማስክ ስንት ጊዜ እንዲሁ ሳላውቅ አልፌው ይሆን?

ያልጠበቅኩት ስጦታም አለ። ዕድሜዬ 45 ስላለፈ በጋኑ ውስጥ የቀረኝን አየር የሚያሳየውን መለኪያ ቁጥር ለማንበብ እጄን መዘርጋት ጀምሬ ነበር። በጠፍጣፋ ማስክ ቅርብ ነገር ይብስ ስለሚቀርብ ለእንደኔ ዓይነቱ ዐይን ይከብዳል፤ በጉልላቱ ግን ከአየር ላይ እንኳ ያነሰ ጥረት ይበቃል። ቁጥሩን ያለ ችግር አነባለሁ።

አሁን ወደ ምሬቱ። ጭንቅላቴ ከውሃ በላይ ሲወጣ ጉልላቱ ሌንስነቱን ያጣል፣ እኔም መነጽር የሌለው የማይነስ 4.50 ሰው እሆናለሁ። ጀልባው ደመና ነው፤ ባለቤቴ ከዳር ሆና የምታሳየኝን የእጅ ምልክት የማውቀው በግምት ነው። ከባሕሩ ስንወጣ ድንጋዩ ላይ እጄን ይዛ ትመራኛለች፤ ያየ ሁሉ ፍቅር ይመስለዋል። በተጨማሪም ማስኩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ሁለቱ ምስሎች ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ራስ ምታት ይዤ ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ማሰሪያውን አጥብቄ በአንድ ጎን እስበው ነበር። የሚይዘው አየርም ብዙ ነው። ስወርድ ቶሎ ቶሎ በአፍንጫዬ ካልተነፈስኩበት ፊቴን ይመጥጠኛል፤ እንዲህ ዐይናቸው ደም ለብሶ ወደ ክሊኒክ የመጡ ጠላቂዎች አይቻለሁ። በአንድ ትንፋሽ ብቻ ለሚጠልቅ ሰው ይህን ማስክ አልመክርም።

አብሮኝ የሚሠራ የዐይን ሐኪም ዐይኑ ምንም ጉድለት የለበትም። ማስኩን ሲሞክር በሁለት ደቂቃ አውልቆ መለሰልኝ። ቆይቶ የፕላስ 4.50 ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ዐይኑን እንደኔ «አበላሸውና» ሲወጣ ወሬው አላልቅ አለ፤ ሌንሱን ሳያወልቅ መኪና ሊነዳ ሲል ግን ቁልፉን ቀማሁት። የማይነስ 7 ሰው ከፊሉን ብቻ በሚያርም ሌንስ ወደ 4.50 ሊጠጋ ይችላል። የሁለቱ ዐይኖቹ ልኬት በብዙ የሚለያይ ወይም ከፍ ያለ አስቲግማቲዝም (የዐይን ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) ያለበት ሰው ማስኩን ይተወው፣ ጉልላቱ ይህን አያርምም። ሌንስ የሚያደርግ ደግሞ ለስላሳውን፣ በየቀኑ የሚጣለውን ይምረጥና ከባሕር እንደወጣ ይጣለው። ከጠንካራው ሌንስ ሥር ወደ ላይ ሲወጣ የአየር አረፋ ሊያዝ ይችላል፤ በውሃ የራሰን ሌንስ ደግሞ ለነገ ማሳደር አካንታሚባ የተባለውን ጥገኛ ወደ ዐይን መጋበዝ ነው።

ፕላስቲኩ እንደ መስታወት አይደለም። ብዙ ጠላቂ አዲስ የመስታወት ማስክ በጥርስ ሳሙና ያሻል፤ ጉልላቱን ግን ይቧጭረዋል፣ እኔ የሕፃናት ሻምፑ ጠብታ ነው የምቀባው። መለዋወጫም አላገኘሁለትም። ከዕቃ ሁሉ ለይቼ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ብይዘውም ባለፈው ወር አንድ ጭረት በግራው ጉልላት ታችኛ ጥግ ላይ ወጥቷል፤ ልክ የአየር መለኪያውን በማይበት ቦታ። አሁን መለኪያውን የማነበው ግራ ዐይኔን ጨፍኜ ነው።