የቤታችንን የቪዲዮ ሰርቨር በአግባቡ ላስተካከለልን ወንድም ምስጋና

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። ዛሬ ይህን የምጽፈው ምስጋና ለማድረስ፣ እግረ መንገዴንም ባለሙያ ለመጠቆም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ጄሊፊን (የራስን ቪዲዮ ከቤት ኮምፒውተር ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም) የጫናችሁ ወይም ለመጫን የምታስቡ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባታችን በሕይወት ሳለ በቪኤችኤስ ያስቀረጸው ሁሉ፣ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው፣ ጥምቀቱ፣ ወደ ፋይል ተገልብጦ ሳሎን ባለች አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ ማየቱ ችግር አልነበረውም። አዲስ አበባ ያለችው እናታችንና ዳላስ ያለችው እህቴ እንዲያዩት ስንል ግን መከራው መጣ። በፊት ከፍለን ያሠራነው ሰው ራውተሩ ላይ 8096 ፖርትን፣ ማለትም የጄሊፊንን መግቢያ በር፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት ከፍቶልን ሄደ። ምስጠራ የሚባል ነገር የለውም፤ የእናቴ የይለፍ ቃል መንገድ ላይ ለጠለፈው ሁሉ በግልጽ የሚነበብ ነበር። የቤታችን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) በተቀየረ ቁጥር ደግሞ «ልጄ፣ ዛሬም እምቢ አለኝ» የሚል ስልክ ይደወላል።

ይህ ወንድማችን ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት ማን እንደሚያይ፣ ከየት እንደሚያይ፣ በምን ስልክ እንደሚያይ ጠየቀን። ቀጥሎ ራውተሩ ላይ የተጻፈው የውጭ አይፒና ኢንተርኔት ላይ የሚታየው አንድ መሆኑን አመሳከረ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ፖርት መክፈት ዋጋ እንደሌለው ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ያንን 8096 ዘጋው። ዶሜይን፣ ማለትም በቁጥሩ ፈንታ የሚጻፍ የአድራሻ ስም፣ በእኛ ስም፣ በእኛ ካርድ አስገዛን፤ አይፒው ሲቀየር ዶሜይኑ ራሱ እንዲከተለው አደረገ። ከፊት ለፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለውን ፕሮግራም በሪቨርስ ፕሮክሲነት፣ እንደ በር ጠባቂ፣ አቆመ። አሁን ከውጭ የሚመጣ ሁሉ በ443፣ በተመሰጠረው በር፣ ገብቶ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ጄሊፊን የሚያገኘው በእሱ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። ያልተመሰጠረው 80 የቀረው ሰውን ወደ 443 ለማዞር ነው።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ይሠራዋል። እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የማዋቀሪያ ፋይሉን አጠገቤ ከፍቶ መስመር በመስመር አስረዳኝ። ለዌብሶኬት (መሣሪያውና ሰርቨሩ ሳይቋረጡ ለሚነጋገሩበት መስመር) የሚያስፈልጉትን «አፕግሬድ» እና «ኮኔክሽን» የሚባሉ ሄደሮች፣ ከጥያቄው ጋር የሚሄዱ መግለጫዎች፣ አስገባ፤ እነሱ ከተረሱ ገጹ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ይጫወታል፣ ከአንዱ መሣሪያ ሌላውን ማዘዝና ተራርቆ አብሮ ማየት ግን አይሠራም። ኤንጂንኤክስ ቪዲዮውን እያጠራቀመ እንዳያቆይም «ባፈሪንግ» የሚባለውን አጠፋ። ከዚያ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ አሳየኝ፦ የሚገባው ሰው ሁሉ ከአንድ አድራሻ፣ ከራሱ ከፕሮክሲው፣ የመጣ ይመስላል። ጄሊፊን ውስጥ የታመኑ ፕሮክሲዎች የሚመዘገቡበት ቦታ ላይ የፕሮክሲውን አድራሻ አስገብቶ ጄሊፊንን እንደገና ሲያስነሳው የእህቴ የዳላስ አይፒ ወጣ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የይለፍ ቃል እየገመተ በር የሚያንኳኳ ቢመጣ እሱን ለይቶ ማገድ የሚቻለው እውነተኛ አድራሻው ሲታይ ነው።

ለምስጠራው የሚያስፈልገው ሰርተፍኬት ሌትስ ኤንክሪፕት ከሚባለው ድርጅት ነው፣ ነጻ ነው፣ የሚያገለግለው ግን 90 ቀን ነው። በራሱ እንዲታደስ ካደረገው በኋላ «እድሳቱ ሳይሞከር አልሄድም» ብሎ የሚያድሰውን ፕሮግራም፣ ሰርትቦትን፣ በሙከራ አስኬደው፣ ውጤቱንም አሳየኝ።

ፍተሻውን በቤታችን ዋይፋይ አላደረገውም፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ገባ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ደወልን። እናቴ የእህቴን ክርስትና ከፈተች፣ ትንሽ ሄደና ቆመ። ባለሙያው ለውጭ ተመልካች የሚላከውን የቢትሬት (በሰከንድ የሚላክ የቪዲዮ መረጃ መጠን) ጣሪያ ቀነሰ፣ ቪዲዮውን ለእሷ መስመር በሚሆን መጠን የመቀየሩንም ሥራ ለኮምፒውተሩ የኢንቴል ቺፕ ሰጠው። እንደገና ከፈተችው። በስልክ የምንሰማው «ያቺ ነጠላዋን ያጣፋችው እኮ ጎረቤታችን ናት! አይ ጊዜ!» የሚለውን ድምፅዋን ነበር። እሱ በዚያ መካከል ዝም ብሎ ሎጉን፣ የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ፣ ይከታተላል።

ሲጨርስ የራሱን መግቢያ ከሰርቨሩ ላይ ሰረዘ፣ ምን የት እንዳለ በአማርኛ ጽፎ ሰጠን። ዋጋው መጀመሪያ የተነጋገርነው ነው፣ አንድ ዶላር አልጨመረም። የእኔው የሥጋ ወንድም የራውተሩንም መቆጣጠሪያ ገጽ ከውጭ እንዲከፍትለት ቢለምነው ባለሙያው በትሕትና እንቢ አለው፤ ለጠላፊ በር መክፈት ነውና እኔም ደግ አደረገ ብያለሁ።

ወንድም ዓለም፣ እጅህ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናታችን ስትመርቅህ ነው የምትውለው።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅድ አደባባይ ላይ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቋሚ ሥራ ስላለው የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ታገሱት። ከመምጣቱ በፊት የራውተራችሁን የይለፍ ቃል አዘጋጁ፣ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰውም በዚያ ሰዓት ስልኩ አጠገብ እንዲሆን ንገሩት።