የቲቤት ታሪክና ባህል የማስተማሪያ ሳጥን፦ ከሰባት ሳምንት አገልግሎት በኋላ

ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው በገመድ ላይ የተሰደረ ባለ አምስት ቀለም የጸሎት ባንዲራ ነው፤ ሰማያዊው ሰማይን፣ ነጩ ነፋስን፣ ቀዩ እሳትን፣ አረንጓዴው ውሃን፣ ቢጫው ምድርን ያመለክታል። ከሥሩ የሁለት ስምምነቶች ቅጂ፣ የፊደል ገበታ፣ የግድግዳ ካርታ፣ የጊዜ ቅደም ተከተል ሠንጠረዥ፣ አንድ ከረጢት ጻምፓ፣ መቁጠሪያ፣ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህንና ወፍራም የመምህር መመሪያ ይገኛሉ። ሳጥኑን በ11ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ለሰባት ሳምንታት ተጠቅሜበታለሁ። የባህሉ ክፍል በጥንቃቄ የተሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የታሪኩ ክፍል ግን ክርክር ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የበለጠ ያገለገለኝ የፊደል ገበታው ነው። በባህሉ ትውፊት መሠረት ፊደሉን ከህንድ አጻጻፍ ወስዶ የቀረጸው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቲቤትን አንድ ያደረገው የንጉሥ ሶንግትሰን ጋምፖ ሹም ቶንሚ ሳምቦታ ነው። ሠላሳ ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ ፊደል ምልክት ካልተጨመረበት «አ» የሚለውን ድምፅ ይዞ ይነበባል፤ አራት የአናባቢ ምልክቶች ሲኖሩት ሦስቱ ከፊደሉ በላይ፣ አንዱ ከፊደሉ በታች ይቀመጣሉ። «ሀ ሁ» ብለው ላደጉ ተማሪዎች ይህ አሠራር እንግዳ አልሆነባቸውም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ። የተቸገሩት ንባቡ ላይ ነው። አጻጻፉ የጥንቱን አነጋገር ጠብቆ ስለቆየ የማዕከላዊው አውራጃ ስም በ«ደ»፣ በ«በ» እና በ«ሰ» ተጽፎ ከዋና ከተማዋ ከላሳ ሰው አፍ የሚወጣው ግን «ኡ»ን የሚመስል አንድ አናባቢ ብቻ ነው። አንዲት ተማሪ «ታዲያ የማይነበበውን ለምን ይጽፉታል?» ብላ ጠየቀች፤ መመሪያው ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው ሁለት ገጽ ማብራሪያ ከጠበቅሁት በላይ ግልጽ ነበር። የተጻፈው ቋንቋ ከላሳ እንዲሁም ካምና አምዶ ከሚባሉት የቲቤታውያን አውራጃዎች የሚመጡ፣ ሲነጋገሩ ለመግባባት የሚቸገሩ ሰዎችን በአንድ ጽሑፍ እንዴት እንዳገናኘ ያሳያል።

ጻምፓን ለማስረዳት መመሪያው ግማሽ ገጽ ፈጅቷል፤ ለእኔ ተማሪዎች «በሶ» የሚለው ቃል በቂ ነበር፣ በቅቤና በጨው በተመታ ሻይ ተለውሶ በእጅ እንደሚጨበጥ ብቻ ጨመርሁላቸው። የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኑ ባይኖር ይሻል ነበር። ይህ ቱሪስት ከገበያ ይዞት የሚመለስ ዕቃ ነው፤ በገዳማት ሥርዓት የሚሰሙት ረጃጅሙ መለከት፣ ከበሮውና እርስ በርስ የሚጋጩት የነሐስ ሳህኖች ሲሆኑ ከእነዚህ የአንዱ ሥዕል እንኳ በሳጥኑ ውስጥ የለም። ቲቤትን የምሥጢርና የጸጥታ አገር አድርጎ የማየት ልማድ አዘጋጆቹንም አልለቀቃቸውም።

ይህን ልማድ የሚሰብረው ደግሞ ያው ሳጥን የያዘው የመጀመሪያው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ763 የቲቤት ጦር የቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችውን ቻንግአንን ለአጭር ጊዜ ይዞ እንደነበር ስነግራቸው ተማሪዎቹ አላመኑኝም፤ ለእነሱ ቲቤት ማለት መነኩሴ ብቻ ነበር። ከዚያ በ821 እና በ822 ሁለቱ መንግሥታት የተማማሉበት፣ በ823 በላሳ ከጆካንግ ቤተ መቅደስ ፊት በቆመ የድንጋይ ዓምድ ላይ በቲቤትኛና በቻይንኛ የተቀረጸው ውል ይቀርባል። ሁለቱ ነገሥታት በጋብቻ ዝምድና ምክንያት የእህት ልጅና አጎት ተብለው ይጠራሉ፤ ድንበራቸውን ይለያሉ፣ አንዱ የሌላውን እንዳይነካ ይምላሉ። ቅጂው ጥርት ብሎ የታተመ በመሆኑ ተማሪዎቹ ሁለቱን ጽሑፎች በዓይናቸው ለይተው ማየት ችለዋል።

ከዚህ በኋላ የጊዜ ሠንጠረዡ ይዘላል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፈራረሰበት ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተነሥቶ የቲቤት ከፍተኛ የሃይማኖት መሪ የሆነው አምስተኛው ዳላይ ላማ በሞንጎሉ ጉሽሪ ካን ድጋፍ ሥልጣን ወደያዘበት 1642 ይሻገራል፤ በመካከሉ ያለው ስምንት መቶ ዓመት በአንዲት ቀጭን መስመር ታልፏል። ይህ ለቦታ ቁጠባ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዳላይ ላማዎቹ የወጡበትን የቡድሃ እምነት ወገን የመሠረተው መነኩሴ ጾንግካፓ በ1409 የጋንደንን ገዳም ያቋቋመው፣ የሞንጎሉ ገዢ አልታን ካን በ1578 ለዚያው ወገን መሪ ለሶናም ጊያትሶ «ዳላይ» ማለትም «ውቅያኖስ» የሚለውን የሞንጎልኛ ማዕረግ የሰጠው በዚሁ ዘመን ነው። ከሁሉም በላይ ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳክያ የሚባለው የቡድሃ እምነት ወገን ላማዎች (የሃይማኖት መምህራን) ከሞንጎል ገዢዎች ጋር የመሠረቱት ግንኙነት ዛሬ ድረስ ለሚካሄደው ክርክር ሥር ነው። የቻይና መንግሥት ቲቤት ሞንጎሎች በቻይና ካቋቋሙት ከዩዋን ሥርወ መንግሥት ጀምሮ የቻይና ክፍል ናት የሚለው ይህንን ዘመን ይዞ ሲሆን፣ ብዙ ቲቤታውያን ደግሞ ግንኙነቱ በመንፈሳዊ መምህርና በደጋፊ ገዢ መካከል የነበረ እንጂ የአገር ከአገር መቀላቀል አልነበረም ይላሉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የ20ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ጠብ ከሰማይ የወረደ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ሳምንት ከራሴ ማስታወሻ ማስተማር ግድ ሆኖብኛል።

ሁለተኛው ስምምነት በቻይና መንግሥትና በቲቤት ተወካዮች መካከል በግንቦት 1951 ቤይጂንግ ላይ የተፈረመው ባለ አሥራ ሰባት አንቀጽ ውል ነው። መመሪያው እዚህ ላይ ያቀረበው ሐሳብ የሳጥኑ ምርጥ ክፍል ነው ብል አላጋነንሁም፦ ተማሪዎቹ ውሉን በቲቤት ገዳማት የሙግት ሥርዓት እንዲከራከሩበት ያደርጋል። ጠያቂው ይቆማል፣ መላሹ ይቀመጣል፤ ጠያቂው ጥያቄውን ሲጨርስ ግራ እግሩን እየረገጠ ቀኝ መዳፉን በግራው ላይ ያጨበጭባል፤ መላሹም በረጅም ንግግር ከማምለጥ ይልቅ «እቀበላለሁ»፣ «ለምን?»፣ «ምክንያቱ አልተረጋገጠም» ወይም «ከዚያ ይህ አይከተልም» ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። በመጀመሪያው ቀን ከጭብጨባው በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ተነሥቶ «አንቀጽ አንድ ቲቤት ወደ እናት አገሯ ትመለሳለች ይላል፤ አንቀጽ አራት የቲቤት የፖለቲካ ሥርዓት አይለወጥም ይላል፤ እንግዲያው ሁለቱም ሊፈጸሙ ይችላሉ!» ብሎ አጨበጨበ፤ የተቀመጠችው ተማሪ ጥቂት አስባ «ከዚያ ይህ አይከተልም» አለች። አሥራ አራተኛው ዳላይ ላማ ውሉ ሲፈረም የ15 ዓመት ልጅ እንደነበሩ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ብዙዎቹ ከዚያ ዕድሜ ገና መውጣታቸው ነው። የ1959ኙ የላሳ አመፅ፣ ዳላይ ላማው ወደ ህንድ መሰደዳቸውና ውሉን መካዳቸው በመመሪያው ውስጥ በአጭሩ ቢነገሩም በአግባቡ ተቀምጠዋል።

በካርታው ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን ከባድ ነው። «ቲቤት» ብሎ የሚያሳየው በቻይና ሥር በ1965 የተቋቋመውን ራስ ገዝ ክልል ብቻ ነው፤ አብዛኛው አምዶና የካም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ዛሬ ቺንግሃይ፣ ሲችዋን፣ ጋንሱና ዩናን በሚባሉት የቻይና ክፍላተ ሀገር ሥር ያሉት የቲቤታውያን አካባቢዎች፣ በካርታው ላይ የሉም። መመሪያው ራሱ አሥራ አራተኛው ዳላይ ላማ በአምዶ በታክትሰር መንደር እንደተወለዱ ይጽፋል። ተማሪዎቹ መንደሩን ለማመልከት ባለ ራስ መርፌ ይዘው ካርታውን ዳር እስከ ዳር ፈለጉ፤ በመጨረሻ በአትላስ አረጋግጠው መርፌውን ከካርታው ጠርዝ ወጣ አድርገው በግድግዳው ላይ ሰኩት።

ከ11ኛ ክፍል በታች ለሆኑ ተማሪዎች የባህሉን ክፍል ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚያ ሦስት ሳምንት ይበቃል። ታሪኩን ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ግን የሞንጎልን ዘመን ከሌላ መጽሐፍ አንብቦ መግባት፣ ሰፋ ያለ የቲቤት ደጋማ ምድር ካርታም ከራሱ ማምጣት ይኖርበታል። ለሙግቱ ደግሞ ሰፊና ጎረቤት ክፍል የሌለው ቦታ ቢመረጥ መልካም ነው፤ የእኛ ጭብጨባ በግድግዳው ማዶ የነበረውን የሒሳብ ፈተና ረብሾ ይቅርታ ጠይቀናል።