ለትንሽ የጥብቅና ቢሮ የሚሆን የሂሳብ አገልግሎት፦ ሁለት ዓመት ገደማ አብረን ከሠራን በኋላ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የከፈትነው ትንሽ የጥብቅና ድርጅት አለን። ሁለት ሸሪኮች፣ አንድ ረዳት፣ አንዲት ጸሐፊ፣ በቃ ይኸው ነን። ሂሳባችንን ላለፉት ሁለት ዓመታት ገደማ የሚይዝልን በወር ክፍያ የሚሠራ አንድ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ነው። ስለ እነሱ የምጽፈው ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ሂሳብ ሠራተኛን የሚያስታውሱት ግብር ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ነው። ጉድለታቸውንም ስለምናገር ስማቸውን እዚህ አላወጣም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

በአጭሩ ጥሩ ናቸው። ዋጋቸው ይገባቸዋል። ግን የጠበቃን ሥራ እስኪረዱ ድረስ ታስተምሯቸዋላችሁ።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። ሥራ የጀመሩ ዕለት ያልተዘጉ መዝገቦቻችንን፣ ማለትም በእጃችን ያሉትን የፍርድ ቤት ጉዳዮች፣ በሙሉ እንድንዘረዝርላቸው ጠየቁን። ለእያንዳንዱ መዝገብ ስንት ተዋዋልን፣ ስንት ገባ፣ ስንት ቀረ፣ ስንት ጊዜ ችሎት ተቀረበ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለትራንስፖርትና ለትርጉም ከኪሳችን ምን ወጣ። ይህን ሁሉ በአንድ ሰፊ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ አስገቡት። በየወሩ መጨረሻ ታድሶ ይመጣል። የመጨረሻው ዓምድ ለአንድ የችሎት ቀን ስንት ብር እንደደረሰን ያሳያል። ያ ዓምድ ነው ነገሩን ሁሉ የገለጠው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ የውርስ መዝገብ አለ። ክፍያው 60 ሺህ ብር፣ ውል ሲፈረም 20 ሺህ ተከፍሏል፣ ቀሪው "ፍርድ ሲያገኝ" የሚል ነው። ይህ አከፋፈል በሙያችን የተለመደ ነው፣ ማንም እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ መጥሪያ አልደረሰም ተብሎ ይቀጠራል፣ ዳኛ ተቀይሯል ተብሎ ይቀጠራል፣ የውርስ አጣሪው ሪፖርት አልቀረበም ተብሎ ይቀጠራል። እያንዳንዱ ቀጠሮ ግማሽ ቀን ይበላል። የረዳቱ ደመወዝና የቢሮው ኪራይ ለቀኑ ሲካፈል፣ ያቺ 20 ሺህ ገና የምስክር ቃል ሳይሰማ አልቃለች። ቀሪው 40 ሺህ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ በዚያ ላይ ደንበኛው ፍርዱን ይዞ ይግባኝ እስኪያልቅ እንጠብቅ ማለቱ አይቀርም።

በዚያው ወረቀት ላይ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት አለ። በወር ቋሚ ክፍያ ይከፍላል። ሥራው ውል ማየት፣ ለሠራተኛ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ዕዳ ላልከፈለ ሰው ደብዳቤ መላክ ነው። ማንም ጠበቃ በዚህ ሥራ ስሙ አይነሳም። ቢሮውን የሚያቆመው ግን እሱ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ካየን በኋላ ከአዲስ ደንበኛ ጋር የምንዋዋልበትን መንገድ ቀየርን። አሁን ክፍያ በደረጃ ነው፦ ክስ ሲከፈት፣ ክርክር ሲሰማ፣ ምስክር ሲሰማ፣ ፍርድ ሲሰጥ። ይግባኝ፣ ሰበርና አፈጻጸም እያንዳንዳቸው ለብቻ ውል አላቸው። ውሉን ያረቀቅነው እኛ ነን፣ እጃችንን ይዞ ወደዚያ የመራን ግን የእነሱ ቁጥር ነው። ጠበቃ ገንዘብ መጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል። የታዘነለትን ደንበኛ "ቀሪውን ክፈል" ማለት ይከብዳል። ውሉ ላይ ከሰፈረና ጸሐፊዋ በየደረጃው ደውላ ካስታወሰች ግን ነገሩ የግል ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፣ ደንበኛውም ቅር አይለውም።

ሁለተኛው የጠቀሙን ነገር ቫት (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ነው። የቫት ተመዝጋቢ ሆኖ "መቶ ሺህ ብር" ብሎ በቃል የተስማማ ጠበቃ ደንበኛው ያንኑ መቶ ሺህ ብቻ ይዞ ቢመጣ 15 በመቶው ከራሱ ኪስ ይወጣል። መቶ ሺሁ ቫቱን ጨምሮ ስለሚቆጠር በእጁ የሚቀረው ወደ 87 ሺህ ነው (መቶ ሺህ ለ1.15 ሲካፈል)። እነሱ ጸሐፊያችንን አስቀምጠው ዋጋ ስትናገር ሁልጊዜ "ከቫት በፊት" ወይም "ቫትን ጨምሮ" እንድትል አስለመዷት። ሁለት ቃል ነው፣ በዓመት ግን የአንድ ሰው ደመወዝ ያህል ልዩነት አለው። ድርጅት ደንበኞች ሲከፍሉን ለግብር ብለው ቀድመው የሚቀንሱትን ገንዘብ (ዊዝሆልዲንግ) ደረሰኝም በየወሩ እየዞሩ ይሰበስባሉ። ያ ወረቀት ከጠፋ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሩ ላይ ማስቀነስ አይቻልም፣ ለቃሚ ያጣ ገንዘብ ነው።

ክረምቱን በተመለከተ ደግሞ ማንም ሌላ ሰው ነግሮኝ የማያውቀውን ነው ያሳዩኝ። ነሐሴ ሲገባ መደበኛው ችሎት ይዘጋል፣ ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። ክርክር ካልተሰማ በደረጃ የሚከፈለው ገንዘብም አይመጣም። ኪራይና ደመወዝ ግን ዕረፍት አያውቁም። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ድርጅት ስለሆንን የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 መክፈል። ገንዘቡ በደረቀበት ወቅት ትልቁ ወጪ ይመጣል ማለት ነው። ግንቦት ላይ መጥተው የሦስት ወር ኪራይና ደመወዝ ለብቻ በተከፈተ ሂሳብ እንድናስቀምጥ፣ የግብሩንም ግምት ከዚያው እንድንለይ አደረጉን። ባለፈው ክረምት ከማንም አልተበደርንም።

በሸሪኮች መካከል ያለውንም ነገር አቅልለውልናል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ እንደኛ የተጣመሩ ብዙ ናቸው። አዋጁ በር ከፈተ፣ በሩን አልፈው የገቡት ሸሪኮች ግን ትርፍ እንዴት እንደሚካፈሉ ራሳቸው ነው የሚጨቃጨቁት። ደንበኛውን ያመጣው ነው የበለጠ የሚወስደው ወይስ ችሎት የቆመው? እኛ በወር ለየራሳችን እኩል የተቆረጠ ክፍያ እንወስዳለን። ትርፉ የሚከፈለው ዓመቱ ተዘግቶ ግብር ከተነሳ በኋላ፣ በዚያው የመዝገብ ሠንጠረዥ ላይ ማን ምን እንደሠራ እየታየ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከካዝና እያነሱ መሄድ ቀርቷል፣ ጓደኝነታችንም ተርፏል።

አሁን ወደ ጉድለታቸው ልምጣ።

ትልቁ የዳኝነት ክፍያ ጉዳይ ነው። ደንበኛ ለፍርድ ቤት እንድንከፍልለት የሚሰጠን ገንዘብ የእኛ ገቢ አይደለም፣ አደራ ነው። በገንዘብ ክርክር ላይ የዳኝነት ክፍያ ከፍ ያለ መጠን ሊሆን ይችላል። እነሱ መጀመሪያ ላይ ባንክ የገባውን ሁሉ ገቢ ብለው መዘገቡት። እንደዚያው ቢቀጥል ባልበላነው ገንዘብ ግብር ልንከፍል ነበር። የሚገርመው አንዴ ከተነገራቸው በኋላም ሌላ ሠራተኛ ሲመደብልን ያው ነገር ተደገመ። አሁን የደንበኛ ገንዘብ የሚገባበት ሌላ የባንክ ሂሳብ ከፍተናል፣ ችግሩም በዚያ ቆመ። የንግድ ቤት ሂሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው የጠበቃን አደራ ገንዘብ ከሽያጭ ጋር ማምታታቱ ይገባኛል። ግን ለጠበቃ እንሠራለን ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ይህን ሳይነገረው ሊያውቅ ይገባል።

ሁለተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የደንበኛ ስምና የክርክሩን ዓይነት ሙሉ በሙሉ ሊጽፉ ፈለጉ። አልፈቀድንም። የፍቺ ወይም የወንጀል ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ስሙ በሂሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ መዞር የለበትም። በኮድ ቁጥር ተስማማን፣ ኮዱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ከእኛ ቢሮ አይወጣም። ደረሰኝ ላይ ስም መውጣቱ ግዴታ ስለሆነ ደረሰኞቹን እዚሁ ቢሮአችን ተቀምጠው ነው የሚመዘግቧቸው። እነሱን ከመቅጠራችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ አስፈርሙ።

ሦስተኛው ጥቅምት ነው። ጥቅምት ላይ ስልክ አያነሱም። ደንበኛቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮህባቸዋል፣ የሰው ኃይላቸው ደግሞ ትንሽ ነው። የእኛን ያለቀ ሂሳብ ያስረከቡን ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር፣ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ዘንድሮ ውላችን ላይ ሂሳቡ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲያልቅ ቀን አስገብተናል።

ዋጋቸው ከጸሐፊያችን የወር ደመወዝ ያነሰ ነው፣ የዓመት መዝጊያ ለብቻ ይከፈላል። ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ነው የሚሠሩት፣ የፈለጋችሁትን ሪፖርት አትመው ያመጣሉ። ለብቻው የሚሠራና ጥቂት መዝገብ የያዘ ጠበቃ የመዝገብ ሠንጠረዡን ራሱ በደብተር ላይ ቢሠራ ይበቃዋል፣ ለዚህ ብሎ በየወሩ መክፈል የለበትም። ሠራተኛ የቀጠረ፣ ቫት የተመዘገበ ወይም ከሸሪክ ጋር የሚሠራ ግን አሁኑኑ ያነጋግራቸው። አዲስ ደንበኛ የሚቀበሉት ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወረፋ ያስይዙታል።