ዲያኒ በቁጥብ በጀት፦ ልጆች ይዞ ወደ ኬንያ ባሕር ዳርቻ ለሚሄድ ቤተሰብ የቀረበ ግምገማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ልጆቹን ባሕር ለማሳየት ለሚያስብ፣ ገቢው ግን መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ አሁንም ከማውቃቸው አማራጮች ሁሉ የተሻለው ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኬንያ ቪዛ አይጠየቅም፤ አሸዋው ነጭና ደቃቅ ነው፤ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተዘረጋው የኮራል ድንጋይም ትልልቁን ማዕበል ስለሚሰብረው ልጆች የሚንቦጫረቁበት ውኃ የተረጋጋ ነው። ለበጀታችን ዋናው ቁም ነገር ግን በኬንያ የባሕሩ ዳርቻ የሕዝብ መሆኑ ነው። ሆቴሎች ግቢያቸውን እንጂ አሸዋውን ማጠር አይችሉም፤ በመሆኑም በባሕሩ ፊት ለፊት ብዙ ከፍሎ ያደረ ሰውና ከአስፋልቱ ማዶ በርካሽ ቤት ያደረ ሰው ጠዋት የሚገናኙት እዚያው አሸዋ ላይ ነው። ዋጋው የሚንረው ባሕሩን ከመኝታ ቤት መስኮት ለማየት ሲፈለግ ብቻ ነው።

ማረፊያ ከመምረጥ በፊት ግን ወቅት መምረጥ ይቀድማል። የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ የሚተዳደረው በሁለት ነፋሳት ነው። የአካባቢው ሰዎች ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይቆያል፤ በእነዚህ ወራት ባሕሩ ጥርት ያለና የሞቀ ነው። ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ገደማ ይነፍሳል፤ ሚያዝያና ግንቦት ዋናው ዝናብ የሚወርድባቸው ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላም ነፋሱ የባሕር አረም እየገፋ በአሸዋው ላይ ይከምረዋል። የኛ ትምህርት ቤቶች ረጅም ዕረፍት የሚውለው በዚሁ በኩሲ ወቅት ነው። በክረምት መሄድ ግድ የሆነበት ቤተሰብ ሐምሌን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ነሐሴ የአውሮፓውያንና የኬንያ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት የሚገናኙበት ወር በመሆኑ ማረፊያ ይወደዳል፣ የባቡር ትኬትም ቶሎ ያልቃል። እኔ የምመክረው ግን የመንፈቀ ዓመቱን አጭር ዕረፍት ነው። የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ግርግር አልፎ፣ የጥር ወር ሲገባደድ፣ ባሕሩ በጣም ጥሩ ሆኖ ሳለ የአከራዮች ልብ ከታኅሣሡ ይልቅ ለድርድር የተከፈተ ነው።

ስለ መጓጓዣው ሲነሣ፣ በየብስ በሞያሌ በኩል መሄድ በወረቀት ላይ ርካሽ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ብቻ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ናይሮቢ ሌላ ያንኑ ያህል መንገድ ይጠብቃል፤ ትንንሽ ልጆች ለያዘ ሰው ይህን አልመክርም። ቀሪዎቹ አማራጮች በቀጥታ ወደ ሞምባሳ መብረር ወይም እስከ ናይሮቢ በርሮ በባቡር መቀጠል ናቸው። የሁለቱ የአውሮፕላን ትኬቶች ልዩነት ትንሽ ከሆነ በቀጥታ መብረሩ ያዋጣል፤ ባቡሩን የመረጠ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ናይሮቢ ማደሩ ስለማይቀር የአንድ ሌሊት አልጋና የታክሲ ወጪም አብሮ መታሰብ አለበት።

ይሁንና ባቡሩ ራሱ ከጉዞው ሁሉ በጣም የረካሁበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ማዳራካ ኤክስፕረስ ከናይሮቢ ዳርቻ፣ ከስዮኪማው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ 470 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የሁለተኛው ማዕረግ ዋጋ 1,500 ሺሊንግ፣ የአንደኛው ማዕረግ ደግሞ 4,500 ሺሊንግ ሲሆን፣ ከ3 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች በግማሽ ዋጋ ይሄዳሉ። በዚህ ስሌት ሁለት አዋቂዎችና ሦስት ልጆች በሁለተኛው ማዕረግ 5,250፣ በአንደኛው ግን 15,750 ሺሊንግ ይከፍላሉ። የሁለተኛው ማዕረግ ወንበሮች ወደ ኋላ የማይጋደሙና ፊት ለፊት የተደረደሩ ናቸው፤ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል፤ ነገር ግን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው በመካከል ባለችው ጠረጴዛ ላይ ምሳ መብላታቸው የ10,500 ሺሊንግ ልዩነት የሚያስከፍል ጉድለት ሆኖ አላገኘሁትም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚነሣው ባቡር በየመንገዱ ስለሚቆም ከሌሎቹ ይዘገያል፤ ለልጆች ግን የሚሻለው እሱ ነው፤ የጻቮን ብሔራዊ ፓርክ በብርሃን ያቋርጣልና። የጻቮ ዝሆኖች በቀይ አፈር ተለቅልቀው ሸክላ መስለው ሲታዩ ልጆች በመስኮቱ ላይ ይረባረባሉ፤ ይህ ሁሉ ያለ ፓርክ መግቢያ ክፍያ ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የባጃጅ ነጂዎች በስዋሂሊ ሲቀጥሩ ግን እንደኛው ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ማረጋገጥ አይከፋም።

የሞምባሳው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሚሪቲኒ ላይ ነው። ከዚያ ዲያኒ ለመድረስ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ወደ ከተማ ገብቶ፣ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግሮ፣ እንደገና በማታቱ ከዲያኒ አጠገብ ያለችው ኡኩንዳ ከተማ መድረስ ይቻላል፤ ጀልባው ለእግረኛ በነፃ ነው። ሻንጣና እንቅልፍ የያዘው ልጅ ላለው ቤተሰብ ግን ሰልፉና ግፊያው ከባድ ስለሆነ፣ በዶንጎ ኩንዱ ድልድዮች በኩል በቀጥታ የሚያደርስ መኪና ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ መያዙ፣ ቁጠባ ከሚገባባቸው ነገሮች ውስጥ የሚቆጠር አይደለም።

ማረፊያን በተመለከተ፣ ምግብና መጠጥ ሁሉ የተካተተበት የሆቴል ጥቅል ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ አያዋጣም። የሚጾም ሰው ባለበት ቤት ለሥጋና ለእንቁላል ተከፍሎ ፓፓያ ይበላል። በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ልኳንዳዎች በአብዛኛው የሙስሊም በመሆናቸው ሥጋ የሚመርጥ ክርስቲያንም በጥቅሉ ብዙ አይጠቀምም፤ ለሙስሊም ቤተሰብ ግን ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለው ኮቴጅ መከራየት ይመረጣል። ብዙዎቹ ኮቴጆች ምግብ አብሳይ አብረው ያቀርባሉ፤ አስቤዛ ከኡኩንዳ ሱፐርማርኬትና ጉሊት ይገዛል። በተከራየነው ቤት ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሻጩ ብስክሌቱን እየገፋ ይመጣ ነበር። ከኋላው በታሰረው ቅርጫት ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቀይ ዓሣ፣ አንዳንዴም ስምንት እግሩን ያንጠለጠለ ኦክቶፐስ ነበረበት፤ በእጅ ሚዛን ሰቅሎ መዝኖ ዋጋ ሲጠራ አብሳያችን በስዋሂሊ ይከራከርልን ነበር። ከዚያም አብሳዩ ጫፏ ላይ ጥርስ ያለው ብረት በተገጠመባት አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኮኮነቱን እየፈቀፈቀ ወተቱን ይጨምቃል። በዚያ ወተት የሚሠራው የባቄላ ወጥ ለጾመኛ የተባረከ ምግብ ነው፤ ቁርስ ላይ በየመንገዱ የሚሸጠው ማሃምሪ የተባለ ጥብስ ዳቦና በኮኮነት የተቀቀለ የእርግብ አተርም እንዲሁ። ከቤት በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ የሚይዝ ሰው በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ ያድርገው፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል በሕግ ከልክላለች።

የማልረሳው ቅሬታም ከዚሁ ከማረፊያ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ማረፊያ በማስታወቂያው «ከባሕሩ 3 ደቂቃ» ብሎ ነበር፤ ደቂቃው የተለካው በመኪና መሆኑን የነገረን ግን ቁልፍ ካስረከበን በኋላ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ልጅ ተሸክሞ ያንን መንገድ በእግር ማለፍ የማይታሰብ ስለነበር፣ በየቀኑ ለባጃጅ የወጣው ገንዘብ ከኪራዩ ያተረፍነውን በላው። ቅሬታ ስናቀርብ «በመኪና አላልንም፣ በእግርም አላልንም» የሚል መልስ ተሰጠን። ስለዚህ አከራይን ስለ ደቂቃ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ቤቱ ወደ አሸዋው ከሚያወርደው የሕዝብ መተላለፊያ በሜትር ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቆ በካርታ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ሲሸሽ ውኃው በጣም ርቆ በየድንጋዩ ሥር ኩሬዎች ይተዋል፤ ለትንንሽ ልጆች ከዚያ የበለጠ መጫወቻ የለም፤ ሸርጣንና ኮከብ መሰል የባሕር እንስሳት ሲያሳድዱ ይውላሉ። ይሁን እንጂ በድንጋዩ መካከል ጥቁርና እሾኻማ የባሕር ፍጥረት ስላለ፣ ገበያ ላይ የምትገኘው ርካሽ የላስቲክ ጫማ ከማንኛውም የባሕር መጫወቻ በፊት ትገዛ። ለዋና የሚመቸው ውኃው ሲሞላ ነው፤ የሰዓቱን ሠንጠረዥ በስልክ ማየት ወይም ዓሣ አጥማጆችን መጠየቅ የቀኑን ፕሮግራም ያስተካክላል። አሸዋው ላይ ጌጣጌጥና የጀልባ ጉዞ የሚሸጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከጽኑና ጨዋ «አይ፣ አመሰግናለሁ» በኋላ ይተዋሉ። ግመልም ያስጋልባሉ፤ ከአፋር ወይም ከሶማሌ ክልል የመጣ ቤተሰብ ለግመል ግልቢያ ሲከፍል ማየት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ዛፎቹ ላይ ከኛዋ ጉሬዛ ጋር የሚዛመዱ ጥቁርና ነጭ ጦጣዎች ይኖራሉ፤ ከመንገዱ በላይ የገመድ ድልድይ ተሠርቶላቸዋል። እነርሱ ቅጠል በል በመሆናቸው ሰው አያስቸግሩም፤ ሌሎቹ ዝርያዎች ግን ክፍት ከተተወ መስኮት ዳቦ ይዘው ይወጣሉ። አካባቢው የወባ ስለሆነ፣ በተለይ የደጋ ልጆች የያዘ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ አጎበር የሌለበት አልጋም አይከራይ።

ከጉብኝቶቹ ውስጥ ወደ ዋሲኒ ደሴትና ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ የሚደረገው የሙሉ ቀን ጉዞ ዝነኛ ነው፤ ግን ለመላው ቤተሰብ ሲባዛ የሳምንት አስቤዛ ያህል ስለሚሆንና በውኃ ውስጥ መነጽር አድርጎ ማየት ለማይችል ትንሽ ልጅ ጥቅሙ አነስተኛ ስለሆነ፣ እኔ እዘለዋለሁ። በምትኩ በመመለሻው ቀን ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የገነቡትንና እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ ማየት ከሞምባሳው የከሰዓት ባቡር ጋር ይገጥማል። ባቡሩ የሚነሣው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ በጣቢያው መግቢያ ሻንጣዎች መሬት ላይ ተደርድረው በውሻ ስለሚፈተሹና ቢላዋ የተገኘበት ሰው ስለሚያስረክብ፣ ከ7 ሰዓት ተኩል በፊት ከምሽጉ መውጣት ይገባል።