ለሚጥለው ውሻ የትኛው መድኃኒት ይሻላል? ፌኖባርቢታል፣ ፖታሲየም ብሮማይድና ሌቬቲራሴታም ሲነጻጸሩ

ውሻው በድንገት ወድቆ፣ እግሮቹን እያራወጠና አረፋ እየደፈቀ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ግን መጣራት ያለበት ነገር አለ። ክትባት ያልወሰደ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል አፉን መንካት አይገባም፤ መርዝ የበላ ውሻም እንዲሁ ይንዘፈዘፋል። ይህ ንጽጽር የሚመለከተው ሐኪም መርምሮ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያረጋገጠለትን ውሻ ብቻ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ በ6 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከጣለው የዘወትር መድኃኒት ማስጀመር ይመከራል። መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋውም፤ የሚጥልበትን ጊዜ ያራርቃል፣ ያቀልለዋልም።

ደሴም ሆነ ወልድያ ላለ ባለውሻ በቅድሚያ የምመክረው ፌኖባርቢታልን ነው። ይህ ለሰው የሚጥል በሽታም የሚታዘዝ የቆየ መድኃኒት ስለሆነ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ ግን ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። የተለመደው መነሻ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊግራም በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊግራም፣ ማለትም የባለ 100 ሚሊግራሙን ክኒን ግማሽ ይወስዳል፤ ለወር 30 ክኒን ይበቃዋል ማለት ነው። ክብደቱን በግምት መናገር ስህተት ላይ ይጥላል። እኔ ውሻዬን አቅፌ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ቀጥሎም ብቻዬን ተመዝኜ ልዩነቱን ወሰድኩ፤ 24 ኪሎ ነው ስለው የነበረው 19 ሆኖ ተገኘ።

ፌኖባርቢታል በደም ውስጥ የሚረጋው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻው ይፈዛል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ውኃና ምግብ አይጠግብም፣ ሽንቱም ይበዛል። ፍዘቱና መንገዳገዱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል፤ ረሃቡ ግን ስለሚቀጥል ውሻው እንዳይወፍር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዋናው ጉዳቱ በጉበት ላይ ስለሆነ በየ6 ወሩ የደም ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ጉበቱ ቀድሞ ለታመመ ውሻም አይሆንም።

ፖታሲየም ብሮማይድ በጉበት ሳይሆን በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ጉበቱ የደከመን ውሻ ይታደጋል፤ ፌኖባርቢታል ብቻውን ሳይበቃ ሲቀርም ይደረብበታል። ሆኖም ከሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 24 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ የሚከብደው የጨው ጉዳይ ነው፤ ጨው ሲበዛ ብሮማይዱ በሽንት ቶሎ ይወጣና በሽታው ይመለሳል፣ ጨው ሲያንስ ደግሞ ተጠራቅሞ የኋላ እግሮቹን ያዝለዋል። የእኛ አገር ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው፤ ዛሬ ጨው የበዛበት የሽሮ ፍትፍት፣ ነገ ባዶ እንጀራ፣ በበዓል ሰሞን አጥንት። ምግቡን በየቀኑ አንድ ዓይነት ማድረግ የማይችል ቤት ይህን መድኃኒት ባይመርጥ እመርጣለሁ። ቆሽትንም ሊያስቆጣ ስለሚችል ማስመለስ ከታየ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ሌቬቲራሴታም ከሦስቱ ለሰውነት የሚቀለው ነው፤ ጉበትን አያስቸግርም፣ ብዙም አያፈዝም። ችግሩ ከደም ቶሎ መውጣቱ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ 20 ሚሊግራም ያህል በየ8 ሰዓቱ፣ ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት መሰጠት አለበት። ሰኞ ማልዶ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው የቀኑን ክኒን ማን ይሰጥለታል? በወር 90 ጊዜ መስጠት ማለት ስለሆነ ወጪውም ይበረታል። ለሰው የተዘጋጀውን ሽሮፕ ከመግዛትዎ በፊት ማጣፈጫው ዛይሊቶል አለመሆኑን ይጠይቁ፤ ውሻን ይገድላል።

ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ለሰው የሚጥል በሽታ ስለሚሰጡ «ይህም ያው ነው» ተብለው ሊቀርቡልዎ ይችላሉ። የውሻ ሰውነት እጅግ ፈጥኖ ስለሚያስወግዳቸው ገንዘብዎንና ጊዜዎን ያባክናሉ፤ አይግዟቸው።

ለፌኖባርቢታል ያደላሁት ከዋጋው ይልቅ ሳይቋረጥ ለመስጠት ስለሚመች ነው። ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ላይ መስጠት ለማንኛውም ቤት አይከብድም፤ በረመዳንም ከስሑርና ከኢፍጣር ጋር አብሮ ይሄዳል። በአንድ የትንሣኤ ሰሞን የምገዛበት መድኃኒት ቤት ክኒኑ አልቆበት፣ እኔም ቀድሜ ሳልገዛ ሦስት ቀን አለፈ፤ በሦስተኛው ሌሊት ውሻዬን አራት ጊዜ ጣለው። ድንገት ማቋረጥ ከበሽታው የባሰ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ስለዚህ እጅዎ ላይ የ10 ቀን ክኒን ሲቀር የሚቀጥለውን ይግዙ።

ለአስቸኳይ ጊዜ ሐኪሙ በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም እንዲያዝልዎ ይጠይቁ፤ ይህ የያዘውን ለማስቆም እንጂ ለዘወትር አይደለም። ውሻው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት፣ ውኃ መድፋትም ሆነ አፉን መፈልቀቅ አይጠቅምም። ከድንጋይና ከእሳት አርቀው ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ዲያዜፓሙን ሰጥተው ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።