ሐይቅ አካባቢ ያለው ጤና ጣቢያ፦ የእኔ ግምገማ

የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ካርድ ክፍሉ ጥሩ ነው። የጤና መድን ደብተራችንን አይተው ቶሎ አስገቡን። ነርሷ «ነይ የኔ እናት» ብላ የልጅቷን ክንድ በባለ ቀለሟ ጥብጣብ ለካች። ቢጫው ላይ ቆመ፤ መካከለኛ የምግብ እጥረት አለባት ማለት ነው።

መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ ግን ሆዴ ባባ። አልሚ ምግቡ አልቋል። መደርደሪያው ላይ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው የዩኤስኤአይዲ አርማ ያለበት ባዶ ካርቶን ተቀምጧል። አሜሪካ እርዳታዋን የገታችው ጥር 2017 ነው፤ ድርጅቱም ሰኔ 24 ሥራውን አቆመ።

አንድ ነገር ወደድኩ። ያለውንና የሌለውን መድኃኒት በእስክሪብቶ ጽፈው በሩ ላይ ለጥፈዋል። ድሮ ሪፖርቱ የሚሄደው ለረጂው ነበር፤ እኛ አይተነው አናውቅም። አሁን በየዓመቱ መዋጮ የምንከፍለው እኛ ነን፤ መልሱም ለእኛ ይገባል። የመድኑ ብር ምን ላይ እንደዋለ ሕዝብ ተሰብስቦ ይነገረው።

ኃላፊውን ይህንኑ ጠየቅኩት። «ልክ ነሽ እህቴ» አለኝ። የስብሰባውን ቀን ግን አልቆረጠልኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷን ለማስለካት ስመለስ ደግሜ እጠይቃለሁ።